የሥነ ልቦና የአስተሳሰብ ጎራዎች እርስ በርሳቸው እየተቃረኑ እንዴት አንድ ሳይንስ ሊሆኑ ይችላሉ?

ጠያቂ፦ የፍሬሽማን ተማሪ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በዚህ ሴሚስተር የሥነ ልቦና መግቢያ ኮርስ እየወሰድኩ እገኛለሁ። የኮርሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ የትምህርቱን ምንነትና ግቦች ካስረዳ በኋላ ዋና ዋናዎቹን የአስተሳሰብ ጎራዎች ያስተዋውቃል፤ እነርሱም ስትራክቸራሊዝም፣ ፈንክሽናሊዝም፣ ጌሽታልት፣ ሳይኮአናሊሲስ፣ ቢሄቪየሪዝም፣ ሂዩማኒስቲክና ኮግኒቲቭ ናቸው። የእያንዳንዱን መሥራች፣ የተነሣበትን አገርና ዋና ሐሳቡን በቃሌ ይዣለሁ፤ ለፈተናም ይህ ሳይበቃኝ አይቀርም።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ጎራ የሥነ ልቦና ተግባር ንቃተ ኅሊናን መመርመር ነው ይላል። ሌላው ተነሥቶ ንቃተ ኅሊና ለሳይንስ የሚመች ነገር ስላልሆነ መጠናት ያለበት የሚታየው ባህሪ ብቻ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ባህሪያችንን የሚመራው እኛው ራሳችን የማናውቀው የአእምሮ ክፍል ነው ብሎ ሁለቱንም ይቃወማል። በኬሚስትሪ ወይም በባዮሎጂ የመግቢያ ኮርስ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም፤ በእነዚያ ኮርሶች የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያስተምረው ባለሙያዎች የተስማሙበትን ነው።

ስለዚህ እነዚህ ጎራዎች ተቀናቃኞች ናቸው ወይስ አንዱ በሌላው ላይ የተገነባ ደረጃ? ዛሬ ትክክል ተብሎ የሚታመነውስ የትኛው ነው? በሚቀጥለው ዓመት የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍልን ለመምረጥ እያሰብኩ ስለሆነ መልሳችሁ ከፈተና በላይ ይጠቅመኛል።


መልስ 1፦ መምህርት ከሐዋሳ

ውድ ጠያቂ፣ ይህን ኮርስ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ያነሡት ጥያቄ የምዕራፉን ልብ የሚነካ በመሆኑ በደስታ ነው የምመልሰው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ጎራዎቹን የለያያቸው ስለ አእምሮ የሰጡት መልስ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን የለያያቸው ስለ አእምሮ ሲነገር ማስረጃ ተብሎ የሚቆጠረው ምንድን ነው በሚለው ጉዳይ ላይ የያዙት አቋም ነው። ይህን ከያዙ ቅደም ተከተላቸው ከስም ዝርዝርነት ወጥቶ አንድ ረጅም ክርክር ይሆንልዎታል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ የሚጀምረው በጀርመን አገር፣ በላይፕዚግ ነው። ቪልሄልም ቩንት በ1879 በዚያ ያቋቋመው ቤተ ሙከራ የሥነ ልቦና የልደት ቦታ ተብሎ ይጠቀሳል። ቩንትና ተማሪዎቹ ሰው ለድምፅ ወይም ለብርሃን ምላሽ ለመስጠት የሚወስድበትን ጊዜ ይለኩ ነበር፤ ሰልጥነው የመጡ ታዛቢዎችም ቀላል የስሜት ሕዋስ ገጠመኞችን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ሆነው እንዲገልጹ ያደርጉ ነበር። ተማሪው የነበረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቲችነር ዘዴውን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይዞ ሄዶ እጅግ አሰፋው፤ ንቃተ ኅሊናን ወደ መጨረሻ ንጥረ ነገሮቹ እበትናለሁ ብሎ ተነሥቶ ከ44,000 በላይ መሠረታዊ የስሜት ዓይነቶችን ቆጠረ። እኛ ስትራክቸራሊዝም የምንለው በዋናነት ይህንን የቲችነርን ሥራ ነው። ማስረጃው ደግሞ ታዛቢው ወደ ውስጡ ተመልክቶ የሚሰጠው ቃል ነበር።

ችግሩ የተከሰተው እዚያው ጀርመን ውስጥ፣ በቩርትስቡርግ ነው። በኦስቫልድ ኪውልፐ ዙሪያ የተሰባሰቡት ተመራማሪዎች ከሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ሰዎች ሲፈርዱና ሲያስቡ በአእምሯቸው ውስጥ ምንም ዓይነት ምስል ወይም ስሜት ሳይኖር ሐሳቡ ብቻ ይመጣል የሚሉ ቃሎችን ሰበሰቡ። ለቲችነር ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር፤ በእርሱ ቤተ ሙከራ የሰለጠኑ ታዛቢዎች ሁልጊዜ የሆነ ስሜት ወይም ምስል ያገኙ ነበርና። ስለሆነም የቩርትስቡርጎቹ ታዛቢዎች በቂ ሥልጠና አላገኙም ሲል መለሰ። እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እለምንዎታለሁ። ሁለት ቤተ ሙከራዎች ተቃራኒ ውጤት አገኙ፤ ማን እንደተሳሳተ የሚለይ ግን ከሁለቱም ውጭ የሆነ መለኪያ አልነበረም፤ አንድ ሰው በራሱ ውስጥ ያየውን ሌላ ሰው ገብቶ ሊያይለት አይችልምና።

የቢሄቪየሪዝም መሥራች የሆነው ጆን ዋትሰን በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ ያጠቃው ይህንኑ ድክመት ነው። በፊዚክስና በኬሚስትሪ ሙከራው ካልተሳካ የሚወቀሰው የሙከራው ሁኔታ ወይም መሣሪያው ሲሆን፣ በዚህ ትምህርት ግን የሚወቀሰው ታዛቢው ነው አለ። መፍትሔው ብሎ ያቀረበውም ማንም ሰው ቆሞ ሊያየው የሚችለውን ነገር፣ ማለትም ማነቃቂያንና ምላሽን ብቻ ማጥናት ነበር። ብዙ ተማሪዎች ቢሄቪየሪስቶች ሰው አእምሮ የለውም ብለው ያስተማሩ ይመስላቸዋል፤ የዋትሰን የመጀመሪያ ክስ ግን በዘዴው ላይ ያነጣጠረ ነበር። ምግብ እንደሚመጣ የሚያመለክት ነገር ሲለምዱ ምግቡ ሳይቀርብ ምራቃቸውን የሚያፈስሱት የፓቭሎቭ ውሾችም ለዚህ ጎራ የተመቹት በዚህ ምክንያት ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘ የምግብ መፈጨት ተመራማሪ ሲሆን፣ የውሻው ምራቅ በጠብታ ሊለካ ይችል ነበር፤ ሁለት ሰዎች ቢቆጥሩት አይለያዩም።

ታዲያ ቢሄቪየሪዝም ምን አደናቀፈው? እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማቀርበው ኤድዋርድ ቶልማንና ቻርልስ ሆንዚክ በ1930 በበርክሊ ያሳተሙትን የአይጥ ሙከራ ነው። የመጀመሪያው ቡድን አይጦች በውስብስብ መተላለፊያው መጨረሻ ላይ በየቀኑ ምግብ ያገኙ ነበር፤ ስሕተታቸውም ቀስ በቀስ ቀነሰ። ሁለተኛው ቡድን በቦታው ምንም ምግብ ስላላገኘ እዚህም እዚያም ሲዞር ቆየ። ሦስተኛው ቡድን እስከ 10ኛው ቀን ድረስ እንደ ሁለተኛው ያለ ምግብ ከዞረ በኋላ በ11ኛው ቀን ምግብ ተቀመጠለት፤ ወዲያውም በሚቀጥለው ቀን ስሕተቱ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለና ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ተስተካከለ። ያለ ሽልማት ሲዞሩ የቆዩት አይጦች የመተላለፊያውን አቀማመጥ ተምረውት ነበር ማለት ነው፤ ያላሳዩት የሚያሳዩበት ምክንያት ስላልነበራቸው ነው። ቶልማን በ1948 ይህን በአእምሮ ውስጥ የተሳለ ካርታ ብሎ ጠራው። ልብ ይበሉ፤ ቶልማን ራሱን ቢሄቪየሪስት ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር፤ ማስረጃውም ከዋትሰን መለኪያ ያልወጣ፣ ሊቆጠር የሚችል የአይጥ ስሕተት ነው። በባህሪ ማስረጃ የማይታየውን የውስጥ ዕውቀት ማሳየት እንደሚቻል ግን በተግባር አረጋገጠ።

የኮግኒቲቭ ጎራ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 የአጭር ጊዜ ትውስታ ስለሚሸከመው መጠን፣ ማለትም ሰባት ሲደመር ወይም ሲቀነስ ሁለት ስለሚለው ግምት የጻፈው፣ ዶናልድ ብሮድቤንት በ1958 ትኩረት እንዴት መረጃን እንደሚያጣራ ያቀረበው ሐሳብ፣ ኖም ቾምስኪም በ1959 የቢሄቪየሪስቱን የስኪነርን የቋንቋ ማብራሪያ በመተቸት ሕፃን ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር እንዴት ሊፈጥር ቻለ ብሎ ያነሣው ጥያቄ፣ ሁሉም በአንድነት የውስጡን ሂደት ወደ ሳይንሱ መልሰው አስገቡት። የገባው ግን በሌላ በር ነው። የታዛቢው ቃል ብቻውን እንደ ማስረጃ መቆሙ ቀርቶ፣ ተመራማሪው በሰከንድ ክፍልፋይ ከሚለካ ምላሽና ከስሕተት ዓይነት ተነሥቶ በውስጥ ስላለው ይደመድማል። የሚገርመው የምላሽ ጊዜ መለካት ራሱ በቩንት ቤተ ሙከራ የነበረ ሥራ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ተቀናቃኞች ናቸው ወይስ ደረጃዎች ለሚለው ጥያቄዎ፣ በዘመናቸው ተቀናቃኞች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ጥያቄ ወርሶ ማስረጃውን ግን ለወጠው። ፈንክሽናሊዝምን፣ ጌሽታልትንና ሳይኮአናሊሲስን ያልነካሁት አስፈላጊ ስላልሆኑ አይደለም፤ ሌሎች ተሳታፊዎች እንደሚመለሱበት ተስፋ አደርጋለሁ።


መልስ 2፦ የምክር አገልግሎት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

መምህርት የሰጡት ማብራሪያ ለቤተ ሙከራው ታሪክ የሚበቃ ነው። እኔ ከሰዎች ጋር ተቀምጬ ከምሠራው ሥራ በኩል ልጨምር፤ ምክንያቱም ሳይኮአናሊሲስና የሂዩማኒስቲክ ጎራ የተወለዱት በሕክምና ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው።

ሲግመንድ ፍሮይድ በቪየና የሚሠራ የነርቭ ሐኪም ነበር። ማስረጃው የሕሙማኑ ንግግር፣ ሕልማቸውና የአፍ ወለምታቸው ነበር። ከባድ የሆነው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው በሐኪሙ ትርጓሜ ከተስማማ ትርጓሜው ትክክል ነው ይባላል፤ ካልተስማማም እምቢታው ራሱ የታፈነው ነገር ምልክት ነው ሊባል ይችላል። ፈላስፋው ካርል ፖፐር ይህን ጽንሰ ሐሳብ የተቸው ምንም ዓይነት ውጤት ቢመጣ ሊፈርስ ስለማይችል ነው። እኔ በግሌ ትችቱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ፍሮይድ ሐኪም የሕመምተኛውን ታሪክ በጥሞና መስማት እንዳለበት ያጸናውን ልማድ ማቃለል ትልቅ በደል ይመስለኛል።

መምህርት ስለ ማስረጃ ያሉት በዚህም ጎራ የሚሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አሮን ቤክ በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ፣ የሳይኮአናሊሲስ ሥልጠና የወሰደ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ድብርት ወደ ራስ የተመለሰ ቁጣ ነው የሚለውን የጎራውን እምነት በምርምር ለማጽናት ብሎ በድብርት የሚሰቃዩ ሰዎችን ሕልም መረመረ። በሕልሞቹ ውስጥ ያገኘው ግን የጠበቀውን ቁጣ ሳይሆን ውድቀትን፣ ማጣትንና መገፋትን ነበር፤ እነዚያው ሰዎች ነቅተው ስለ ራሳቸው የሚያስቡትም ይህንኑ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በ1960ዎቹ ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ ወደፊቱ ያለውን አሉታዊ አስተሳሰብ የሚመረምር ሕክምና አዳበረ። ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው የሥነ ልቦና ሕክምናዎች አንዱ ከዚህ ሥራ የወጣ ነው።

የባህሪ ጎራም በሕክምና በኩል ሌላ መልክ አለው። የዋትሰንና የሮዛሊ ሬይነር የ1920 ሙከራ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አለ፤ አልበርት የተባለ የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከኋላው ብረት በመዶሻ እየተመታ እንዲፈራ የተደረገበት ነው። በአንድ ሕፃን ላይ የተሠራና ፍርሃቱ ሳይነቀልለት የቀረ ነው፤ በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር ፈጽሞ አይፈቀድም። ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 የሠራችው ግን ይልቁን መታወቅ ይገባዋል። ፒተር የተባለው ልጅ ጥንቸል ይፈራ ነበር። እርሷ ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ አስቀምጣ ቀስ በቀስ አቀረበችለት፤ በመጨረሻ በእጁ እስከ መዳሰስ ደረሰ። ጆሴፍ ቮልፒ በ1958 ያቀረበው የፍርሃት ሕክምናና ዛሬ ፎቢያ ላለባቸው ሰዎች የምንጠቀምበት ቀስ በቀስ የማጋፈጥ ዘዴ ከዚህ ሥራ ጋር በቀጥታ የሚዛመዱ ናቸው።

ስለ ሂዩማኒስቲክ ጎራ ብዙ ተማሪዎች የሚያውቁት የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ የሚያሳየውን የማስሎውን ፒራሚድ ብቻ ነው፤ በ1943ቱ ጽሑፉ ውስጥ ግን ፒራሚድ የለም። ለእኔ ከእርሱ ይልቅ የሚልቀው ካርል ሮጀርስ ነው። ሮጀርስ የምክር ክፍለ ጊዜዎችን በድምፅ ቀድቶ በ1942 የአንድን ተገልጋይ ሙሉ ንግግር ቃል በቃል አሳተመ። ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ ስለተባለው ነገር የሚታወቀው በአብዛኛው ባለሙያው አስታውሶ የጻፈው ነበር። ሰውን ማክበር እንጂ መለካት አይወድም በሚባለው ጎራ ውስጥ የሥነ ልቦና ሕክምናን ለምርምር የከፈተ ሰው መገኘቱ ሊዘነጋ አይገባም።

በእኛ አገር ሁኔታ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ እኔ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ባለሙያው እንደ ሽማግሌ ወይም እንደ ንስሐ አባት አድምጦ፣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው እንዲነግራቸው ይጠብቃሉ። የሮጀርስ ዘዴ ደግሞ ባለሙያው መንገድ ከማሳየት እንዲቆጠብ ይጠይቃል። ምክር ሳይነግሩ የተገልጋዩን ንግግር ዝም ብሎ መልሶ ማንጸባረቅ አንዳንዱን ተገልጋይ እንደተናቀ እንዲሰማው ያደርገዋል፤ ስለዚህ የአሠራሩን ምክንያት ገና በመጀመሪያው ቀን ማስረዳት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።


መልስ 3፦ የታሪክ አንባቢ

ከሁለቱም መልሶች ብዙ ተምሬአለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነጥብ ላይ ልከራከር እወዳለሁ። የጎራዎቹ ታሪክ በዚህ መልክ ሲነገር አንዱ ሌላውን እያሸነፈ የመጣ ይመስላል፤ ይህም በአመዛኙ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይን የታየ ታሪክ ነው።

ቩንትን ብንወስድ ቤተ ሙከራው የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። ማሰብን፣ ቋንቋንና እምነትን የመሳሰሉ ከፍተኛ የአእምሮ ሥራዎች በቤተ ሙከራ ሊጠኑ አይችሉም፤ መጠናት ያለባቸው በሕዝቦች ቋንቋ፣ አፈ ታሪክና ልማድ በኩል ነው ብሎ ያምን ነበር። ለዚህም ከ1900 እስከ 1920 ድረስ 10 ቅጾች ጽፏል። ብዙዎቹ የመግቢያ መጻሕፍት ግን ይህን ግማሽ ትተው ቩንትን የቲችነር ግልባጭ አድርገው ያቀርቡታል።

ሙሉው ነገር ከክፍሎቹ ድምር የተለየ ነው የሚለው ጌሽታልትም የተሸነፈ ጎራ አይደለም። ማክስ ቨርታይመር በ1912 ሁለት መስመሮች በተለያየ ቦታ በአጭር የጊዜ ልዩነት ሲበሩና ሲጠፉ ዓይን አንድ የሚንቀሳቀስ መስመር እንደሚያይ አሳየ፤ እንቅስቃሴው በሁለቱም መስመሮች ውስጥ ለየብቻ የለም። ቮልፍጋንግ ኮህለር ደግሞ ከ1913 ጀምሮ በቴኔሪፍ ደሴት ቺምፓንዚዎችን ሲያጠና፣ ሱልጣን የተባለው ቺምፓንዚ ሁለት ዘንጎችን ቀጥሎ ሙዙን ሲስብ ተመለከተ። የኮህለር ክርክር በጣም ደስ ይለኛል፤ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶችን የዘጋባቸው ሳጥኖች መክፈቻቸው የሚሠራበት መንገድ ለእንስሳው ስለማይታይ፣ ድመቷ በሙከራና በስሕተት ከመታገል ሌላ ምርጫ አልነበራትም አለ። ጎራው እንደ ጎራ የተበተነው ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ነው፤ ቨርታይመር ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ ኮህለርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለው። ይህ በማስረጃ መሸነፍ አይደለም።

ከዚህም ሌላ፣ በመግቢያው ኮርስ ቦታ የማያገኘው የሶቪየት ጥናት አለ። የሌቭ ቪጎትስኪ የሥራ ባልደረባ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 ወደ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ትምህርት ቤት ያልገቡ ገበሬዎችን ጠየቀ፦ በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምልያ በሩቅ ሰሜን ናት፤ በዚያ ያሉ ድቦች ምን ዓይነት ናቸው? ከመልሶቹ መካከል እኔ ያየሁት ጥቁር ድብ ነው፤ ስላላየሁት አልናገርም የሚል ይገኝበታል። ጥቂት ዓመት የተማሩት ግን በቀላሉ ነጭ ናቸው አሉ። እኔ በዚህ ውስጥ የማስተዋል ጉድለት አላይም፤ ባላየው ነገር ለመመስከር እምቢ ያለ ሰው ነው የማየው። ጥናቱ የሚያስተምረው ግን እኛ የአእምሮ ተፈጥሮ የምንለው ነገር ምን ያህሉ የትምህርት ቤት ፍሬ እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብን ነው። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹም በ2010 አብዛኛው የሥነ ልቦና ጥናት በምዕራባውያን፣ በተለይም በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ስለ ሰው ልጅ በአጠቃላይ ለመናገር እንደማይበቃ በሰፊው አሳይተዋል።


ጠያቂ፦ የፍሬሽማን ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ፈንክሽናሊዝምን ማንም በዝርዝር አላነሣውም፤ ዛሬ ራሱን ፈንክሽናሊስት ብሎ የሚጠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለመኖሩስ ጎራው ጠፍቷል ማለት ነው?


መልስ 4፦ መምህርት ከሐዋሳ

ውድ ጠያቂ፣ ስሙ ጠፋ እንጂ ጥያቄው አልጠፋም። ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው ትልቅ ሥራው ንቃተ ኅሊና እንደ ወንዝ ያለማቋረጥ የሚፈስስ ስለሆነ ቆራርጦ መቁጠር ባህርዩን ማጥፋት ነው ብሎ ነበር፤ መጠየቅ ያለበትም ለሚያስበው ፍጡር ምን ጥቅም ይሰጠዋል የሚለው ነው። ይህ የዳርዊን ተጽዕኖ ነው። ጆን ዱዊና ጄምስ ኤንጅል ሐሳቡን በቺካጎ አስፋፉት፤ ዋትሰንም የዶክትሬት ትምህርቱን የተከታተለው በዚያው በቺካጎ፣ በኤንጅል ሥር ነው። የፈተና አሠራር፣ የትምህርት ሥነ ልቦናና የእንስሳት ጥናት በአሜሪካ የተስፋፉት አእምሮ ለምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ክብር ስላገኘ ነው፤ ዛሬም አንድ ተመራማሪ ፍርሃት ለሕያው ፍጡር ምን ይጠቅመዋል ብሎ ሲጠይቅ የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

የታሪክ አንባቢው ያነሡት እርማት ተገቢ ነው፤ እኔም በክፍሌ የሉሪያን ጥያቄ ለተማሪዎቼ አቀርባለሁ። ዛሬ ትክክል የሚባለው የትኛው ነው ላሉት፣ በአሁኑ ጊዜ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች በየጎራ ተከፍለው አይቀመጡም፤ የሚከፋፈሉት በሚያጠኑት ጉዳይ ነው፤ ትውስታን፣ የልጅ እድገትን፣ ድብርትን ወይም የቡድን ባህሪን። የትምህርት ክፍሉን ከመረጡ ወደፊት የሚገጥሙዎት ኮርሶች የሚከፋፈሉት በዚህ መልክ ነው። እስከዚያው ድረስ የእያንዳንዱን ጎራ ገጽ ሲያነቡ ከመሥራቹ ስም አጠገብ ሁለት ነገሮችን ይጻፉ፦ ይህ ሰው እንደ ማስረጃ የተቀበለው ምን ነበር፣ በዚያ ማስረጃ ሊያየው ያልቻለውስ ምንድን ነው?